በመስኮቱ በኩል

በታርቱ ጎዳና፣ ባሮጌው እንጨት ቤት፣
ኤንደል ሻማ ይዞ ቆመ ከመስኮት ፊት።
ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ጠርዙን ተከተለ፣
ከግራው ጥግ ሲደርስ ግን ጎንበስ አለ።

«አገኘሁህ፣ ሌባ!» መሮውን አንስቶ፣
የዛገውን ምስማር አንድ ባንድ አውጥቶ፣
ክፈፉን ፈልቅቆ እጁን ቢሰድ ኋላ፣
ካልሲ።
ግራጫ፣ የሱፍ፣ ነጠላ።
ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ።

ስንት ክረምት ሙሉ ማሬትን ጠየቃት፣
«አንዱ እግር የት ገባ?» እያለ አደረቃት!
«ማሽኑ በላው» ነበር ዘወትር መልሷ፣
በመስኮቱ በኩል የምትተኛው እሷ።

ሰባት ቆጥሮ አወጣ።
ስምንተኛው ቀለም ጠጥቶ እንጨት መስሏል፤
እዚያው ተወው።
ጥንዶቻቸውንማ በንዴት፣ ድሮ ጥሏል።

አረፋውን ነፋ፤ አበጠ፣ ጠጠረ፣
የተረፈውን በቢላዋ መተረ፣
በጠርዙ ዙሪያ ጎማ ለጥፎ
ማታ በዚያው ሻማ ደግሞ ሞከረ።
ነበልባሉ ቆመ። ቤቱም ሞቅ አለ።

ሁለት ዓመት ባዶ በቆየው፣
በእሷ በኩል፣ ጋደም አለ፤
ሁለት የማይገጥሙ ካልሲ አጠለቀ፣
እስኪነጋ ድረስ ብርዱን ጠበቀ።