እሳት ልጭር መጣሁ

ቱርኩ ከሰገነት፣ በስድስት ሰዓት ላይ፣
የልደትን ሰላም ሲያውጁ ላደባባይ፣
ሬዲዮው አሰማኝ፤ እኔ ድንች እልጣለሁ።
«የሚያደፈርሳት ይቀጣል» ሲል ሰማሁ።
ሃያ ቀን ነው አሉ የዚች ሰላም ዕድሜ።
እኔ ግን ይኸው ነኝ፣ ቂሜን ተሸክሜ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አብልቼ አጠጥቼ፣
አሳደግሁት እንጂ፣ ሌላ ልጅ አጥቼ።

ልጄ ኦይቫ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ቁመናው የአባቱ፣ ሳቁ የአያቱ።
መጋቢት ሲገባ ጎረቤቴ መጣ፣
ታቬቲ፤ ከልጄ ጋር ለዓሣ ሊወጣ።
«በረዶው ሳሳ» አልሁት። «ይሸከማል» አለኝ።
ሁለት ሰው ሸኝቼ አንድ ሰው መጣልኝ።
ልብሱ እየተንጠባጠበ ከደጄ ቆመና
አፉን ከፈተልኝ፤ ቃል አልነበረውምና
በሩን ዘጋሁበት።
ያ በር ከዚያ ወዲያ አልተከፈተለት።

በኛ ሀገር ልማድ፣ በልደት ዋዜማ፣
ለሞተ ይበራል በበረዶው ሻማ።
ያን ሌት የሙታን ሰፈር ከጥዶቹ ሥር
ከኛ ሰፈር ይልቅ ደምቆ ነው የሚያድር።
በያመቱ ስደርስ ከኦይቫ ድንጋይ ላይ
ቀድሞኝ የበራ አንድ ሻማ ቆሞ ሳይ፣
ማን እንዳኖረውማ መች ጠፍቶኝ ያውቃል?
በጓንቴ አፍኜው፣ እፍ እንኳ ሳልል፣
ወዲያ ወርውሬው የራሴን እተክላለሁ፤
«ሌባ ብርሃን!» ብዬ ጸሎቴን እላለሁ።

ዘንድሮ ግን ነፋስ። ከሐይቁ የሚመጣ፣
ጆሮ የሚላጭ፣ ሰው ላይ የተቆጣ።
ክብሪት ጫርኩ፤ ጠፋ። ደግሜ ጫርኩ፤ ጠፋ።
ጣቴ ሲደነዝዝ ሳጥኑ ተደፋ።
እንጨቱ በሙሉ በረዶ ውስጥ ገባ፤
ሻማዬን ታቅፌ ቆምኩኝ እንደ ሌባ።
ከፊቴ የሱ ሻማ፣ በመስታወት ግርዶሽ፣
ይነድዳል ዝም ብሎ፣ ነፋሱን ሳይሸሽ።
«ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «እኔ ክብሪት ነው ያልኩህ፤
እርቅ መች ጠየቅሁህ? ሰላም መች ለመንኩህ?»

ከእንጨቱ መቅደስ በር፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣
የቄሱ ንባብ ተቆራርጦ መጣ፤
ማርያም ቀኗ ደርሶ ቤት እንዳጣች ያኔ።
በሩን የዘጋው ሰው ለካ ነበርኩ እኔ።
ሕፃኑ ግን መጣ። በሩን አልሰበረም፣
«ለምን ዘጋችሁት?» ብሎም አልከሰሰም፤
ከከብት ጋር አደረ፣ ድርቆሽ ተንተርሶ፣
የዘጋውን ሊምር፣ የዘጋውን ሥጋ ለብሶ።

ድሮ ምድጃችን ሌሊት ሲጠፋብን
እናቴ ከጎረቤት ፍም ትጭርልን ነበር፤
ደጃፍ ላይ ጎንበስ ስትል ትዝ ይለኛል ያ በር።
ፍም ጫሪ አይታበይም፤
አንገቱን ሳይሰብር እሳት አያገኝም።
ጎንበስ አልኩኝ እኔም።
ክሬን ከሱ ሻማ ክር አገናኘሁና
«እሳት ልጭር መጣሁ» አልኩ፣ ማንም የለምና።

ከጥዱ ኋላ ግን ሰው ሲስል ሰማሁ።
በያመቱ ቆሞ እንደሚያየኝ አወቅሁ፤
ሻማውን ስገድል፣ በጓንቴ ሳፍነው፣
ዐሥር ልደት ሙሉ፣ አንድ ቃል ሳይወጣው።
«ታቬቲ» አልኩት። ከዚያ ሌላ አልመጣም።
ልጄ አልተነሣ። ሐይቁም አልደረቀም።
ሁለት ነበልባል ግን ጎን ለጎን ቆመዋል፤
የትኛው የማን ነው? ማን ለይቶ ያውቃል?

ቤት ገባን። የጣድኩት የአንድ ሰው ገንፎ ነው፤
ውሃ ጨመርኩበት፣ ሩዙን አበዛሁት፣ በቃን እንደምንም ብለው።
ገንፎው ውስጥ ለውዝ አለች፤ ዕድል ናት በባህሉ፤
እሱ ጋ ደረሰች። አፈረ በዕድሉ፤
ጉንጩ ሥር ደበቃት።
አየሁት፤ ዝም አልኩት።

ሃያኛው ቀን መጣ። ጥዱም ከቤት ወጣ።
ባዋጅ የመጣችው እንደ ወጉ ሄደች፤
የኔይቱ ግን አለች።
አልዋሽም፤ አንዳንድ ሌት አመድ ትለብሳለች፤
ንጋት ላይ ከግርግም ስጭር ትነድዳለች።