ስንተኛው ቀለም

ጣሪያዋን መልሰው፣ ግንቧን ለስነው፣
በሮቿን በሰም ወልውለው፣
«የጥንቷ ከተማ ይቺውላችሁ» ብለው
ትኬት ይቆርጣሉ፤ ቆረጥኩ እኔም እንደሰው።

ፖርቶ ዳ ሴራ ትባላለች፤ ብራዚል፣ ከባሕሩ ዳር፣
ተራራው ከኋላዋ ደመና ለብሶ የሚያድር፤
ወርቅ በበቅሎ ጀርባ ወርዶ የተጫነባት፣
ሰው ከመርከብ ሆድ በሰንሰለት የወረደባት።

መንገዷ ድብልብል ድንጋይ፣ አጥብቀው ካላዩት ይጥላል፤
ጎብኚው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤
ድንጋዩን ተሸክሞ ላነጠፈው፣ ስሙ ለማይታወቅ፣
ሳይወድ እጅ ይነሳል፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ።

አስጎብኚያችን ዶና ዙልሚራ፣ ስድሳውን ያለፈች፣
በጥቁር ጃንጥላዋ ጫፍ ቤት ለቤት እየጠቆመች፣
«ይህ የዳኛው ቤት ነበር፤ ዛሬ ሆቴል ሆኗል።
ያ የጨው መጋዘን፤ አይስክሬም ይሸጥበታል።
እኔ የተወለድኩት እዚያ፣ ከባለ ሰገነቱ፤
ለአንድ ሌሊት ልተኛበት ብል
የወር ደመወዜን ይበላዋል ሒሳቡ፣ ከነቁርስ ከነመብራቱ!»
ብላ ሳቀች።
እኛም ሳቅን፣ ነገሩ ሳይገባን፣
ፎቶ እያነሳን።

«ይህ ሰማያዊ ግድግዳ» አልኳት፣ «እውነት የጥንቱ ነው?»
ቆም አለች። «ጥንት ስትል፣ ስንተኛውን ነው?»

አንሰልሞ የሚባል ሰው ነበር፣ ግድግዳ የሚፍቅ፣
በሐኪም ምላጭ፣ በቀስታ፣ ትንፋሹን የሚጠብቅ።
ነጭ አገኘ ከላይ፤ ከነጩ ሥር ቢጫ፣
ከቢጫው ሥር ሮዝ፣ ከሮዙ ሥር ግራጫ፣
ቀጥሎ የሸክላ ቀይ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣
ከሁሉም ግርጌ ኖራ፣ የዛጎል አመድ፣ ባሕራዊ።

ኮሚቴ ተሰበሰበ። ውሃ በጠርሙስ ቀረበ።
«ሰማያዊው ይሁን» ተባለ፤ ቃለ ጉባኤው ተነበበ።
አምስቱ ተፋቁ። የአምስት ትውልድ ግድግዳ
ዱቄት ሆኖ ተጠርጎ ወጣ፣ እንደ ባዳ።

በጓዳው ግን፣ ከረጅሙ የመስኮት መዝጊያ ኋላ፣
የአንሰልሞ ምላጭ ቆመ፤ እጁ አመነታ፣ ላላ።
ከቀዩ በታች፣ ከሰማያዊው በላይ፣
ከጉልበት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የሚታይ፣
በምስማር የተጫረ፣
ሰባት ጭረት፣ ጣት በጣት እየጨመረ።
ልጅ ተለክቶበታል፣ ተረከዙን ከግንቡ አጣብቆ፣
ምናልባት ስቆ፣
ምናልባት ማድቤት የሚጠራውን ድምፅ ፈርቶ፣ ተሳቆ።

ስም የለው። ቀን የለው።
ስምንተኛው የለም። ስምንተኛውን ምን በላው?
አደገ? ታሞ ቀረ?
ወይስ ቁመቱ ዋጋ ሲያወጣ፣ ተሸጦ ተሻገረ?

ወረቀቱ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ፤
«ከተመረጠው ዘመን ውጭ ነው፤ ይቀባ» ተብሎ ታለፈ።
አንሰልሞም ቀባ፤ ምን ያድርግ፣ አለቃ አለው፤
ክንድ የምታህለዋን ቦታ ግን፣ መዝጊያው የሚጋርዳትን፣ ሳይነካ ተዋት፤
ለዙልሚራ ብቻ፣ በጆሮዋ፣ ነገራት።

ዘበኛው ዞር ሲል መዝጊያውን ገለጥ አደረገች።
«የቅድመ አያቴ እናት ናት» አለች።
«በምን አወቅሽ?»
«መች አወቅሁ! ግን ያልታወቀች ከምትባል
የእኔ ብትባል ምን ትጎዳለች?
ባልቢና ብያታለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጎብኚ ሲጠፋ
እመጣለሁ፤ የሰፈሩን ወሬ አወራታለሁ፣
ዳቦ ስንት እንደገባ፣ ማን እንዳገባ።»
መዝጊያውን መለሰች። ማጠፊያው ሲጢጥ አለ።
ቀጣዩ ቡድን ከነባርኔጣው ወደ ውስጥ ዘለቀ።

ማታ ጨረቃ ሞላች፤ ባሕሩም አብሮ ሞላ፤
ግንበኞቹ ሆን ብለው በተዉለት ቀዳዳ
ገብቶ መንገዱን አጠበ፣ የቀኑን አቧራ ሊቀዳ።
ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ተንሸራሸረ፤
ሰማያዊው ቤት ውሃው ላይ ተገልብጦ ተሸበሸበ፣
ስር ያሉትን ቀለሞች ሁሉ የሚያስታውስ መሰለ።

እኔ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ
ጎንበስ አልኩ፤
ከጉልበቴ በላይ አንድ ስንዝር ለካሁ።
ይህን ታህል ነበር፣ መጀመሪያ የቆመች ቀን።