ስምንተኛው ሰው

ሃያ ሦስት ቁልፎች ወገቤ ላይ አሉ፣
ከእኔ ቀድመው ደርሰው «መጣ፣ መጣ» የሚሉ።
የትምህርት ቤቱ በር፣ የስፖርት አዳራሹ፤
አንዲቷ የምን እንደሆነች የሠሯትም ረሱ።

ሎደፊዮርድ ይሉታል ሰፈሩን፣
ከበርገን በአውቶቡስ አልፈው ተራራውን።
በአገሬ ክረምት ይገባል፣ ይወጣል፣ ቀን አለው፤
እዚህ ግን መግባት እንጂ መውጣት የማያውቅ እንግዳ ነው።

ሰኞ የኦድቫር ጡረተኞች ይዘምራሉ፣
ዘይት እንደናፈቀው ማጠፊያ እኔን፣ እኔን ይላሉ።
ማክሰኞ ለቤት ሥራ ልጆች ይመጣሉ።
ቱሪድ፣ የመጻሕፍቱ ሹም፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
መነጽሯን ስትፈልግ ትቆይና፣
ክፍልፋይ በብስኩት ታስተምራለች ቁጭ ብላ፦
«ግማሹን ብትበላ ምን ይቀርሃል?» ስትለው
ሶሪያዊው ልጅ «ረሃቡ» አላት፤
ምን ትመልስ ታዲያ፣ ሌላውን ግማሽ ሰጠችው።

ረቡዕ የተሰበረ ይጠገናል።
አንድ መርከበኛ የነበረ ሽማግሌ
ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን እየለየ
የሟች ሚስቱን ሬዲዮ ይፈታል፣
መልሶ ይገጥማል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይፈታል።
የቀረውን ቀን አልዘረዝርም፤
ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ወግ የለኝም።

ቢጫ ክር ያሰርኩባት ግን የመዋኛው ናት።
ዘጠኝ ዓመት በየማለዳው ከፈትኳት፤
ክሎሪን ለካሁ፣ የሰጠመ መነጽር በመረብ አወጣሁ፣
ልጄ ኤልዳና ሁለት መቶ ሜትር ስትዋኝ ከዳር ሆኜ ጮህኩ፣
ጫማዬን ግን አላወለቅኩ።

የመተሃራ ልጅ ነኝ። አዋሽ ዳር ያደገ፣
አዞ ባለበት ውሃ
ከፍየሎቹም ይልቅ እግሩን የሸሸገ።
እናቴ በጀሪካን ስትቀዳ፣ በሌላ እጇ ጨምድዳ ይዛኝ፣
«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ብላ ነበር የመከረችኝ።
እኔም ይኸው አርባ ሰባት ዓመት
አንዲት ቀን አልሳቅሁለት።

በጥቅምት መግቢያ አንድ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ፣
በአራት ስፒል ወጋሁት፣ አራቱንም አጠበቅኩ፦
«ዋና፣ ለጀማሪ አዋቂዎች። ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።
ስምንት ሰው ካልሞላ ይሰረዛል።»

ሁዳን ፈረመች፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፤
ዝቢግኔቭ ቀለም ቀቢው፣ ፊርማው ተርፎ ከመስመር፤
የሦስተኛ ፎቅ እህትማማቾች፤ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ፤
አንዲት እርጉዝ፣ «ከልጄ በፊት ልማር» ብላ፤
ቱሪድም ሰባተኛ፣ አንገቷን ደፍታ።
ሰባት። ሰባት ሆኖ ቀረ።
ሁዳን በየጠዋቱ አውቶቡሷን አቁማ
በመስኮት «ሞላ?» ትለኛለች፤
«አልሞላም።»
ከኋላዋ ተሳፋሪው ሁሉ «አልሞላም» ይላል፣
ነገሩ ሳይገባው።

ዓርብ ማዘጋጃ ቤቱ ደወለ፦ «አንሣው ወረቀቱን።»
ሄድኩ። ነቀልኩ ሦስቱን።
አራተኛው ላይ እጄ እምቢ አለ።
እስክሪብቶ አወጣሁ፣ ክሎሪን የምመዘግብበትን፤
ጻፍኩ፦ አይሸሽም።
ስሜ ነው። አባቴ ያወጣልኝ፣
ይህን ሰሌዳ ሳያይ፣ ይህን ጉድ ሳይጠረጥርብኝ።

ሐሙስ ቁልፎቹን አግዳሚው ላይ አኖርኩ።
ወገቤ ቀለለ፤ «መጣ» የሚልልኝ ሳይኖር ገባሁ።
ዝቢግኔቭ፣ ያ ግዙፍ፣ ግድግዳውን አቅፏል፤
ሁዳን ወደ ኋላ ስትራመድ እንደ አውቶቡሷ ትጮኻለች፤
ኤልዳና ከመስተዋቱ ጀርባ እንደማታውቀኝ ሆናለች።
ቁርጭምጭሚት። ጉልበት። እምብርት።
ደረቴ ላይ ሲደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤
ሳቅሁለት። እስካሁን አልወሰደኝ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። መብራቱ ብልጭ፣ ድርግም አለ።
ሰባቱም ዞረው አዩኝ፦
በሩን የሚቆልፈው ሰው
ገና ውሃ ውስጥ ነው።