አንድ ባዶ ቦታ

ሥራዬን ሲጠይቁኝ፣ «ባዶ እሸጣለሁ» እላለሁ፤
ስቀው ያልፉኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

በሳን ፍራንሲስኮ፣ በሚሽን ሰፈር፣
አስፋልት ተከናንቦ መሬት ውስጥ የሚያድር
አንድ ዓይን አለኝ፣
የቆመ፣ የሄደውን ቆጥሮ ማታ ማታ የሚነግረኝ።
መንገዱ ከሞላ፣ ሩብ ዶላር መጨመር፤
ጭር ብሎ ከዋለ፣ ያንኑ መሸርሸር፤
ምኞቴ ይቺው ናት፦ በየመንገዱ ዳር
ለሚመጣ እንግዳ አንድ ባዶ ይኑር።

ድሮ ዋጋው አንድ ነው፣ ለቀኑም ለማታው፤
የቀደመው ሰው ነው ቀኑን የሚረታው።
አባቴ ዳቦውን በቫን ሞልቶ ጭኖ
ሲዞር ነው የማውቀው፣ የአውድማ በሬ ሆኖ፤
እኔ ከጎኑ ሆኜ ባዶ ስፈልግለት፣
«ያውና!» ያልኩት ሁሉ የእሳት አደጋ ቧንቧ ሲገተርበት፣
ዳቦው እጃችን ላይ በረደ።

ሎሬታ ፓጋዱዋን ቢሮዬ መጣች ሰኞ በማለዳ፣
የማቆሚያ ደረሰኝ፣ የደንበኞቿን ዕዳ
ጠረጴዛዬ ላይ በትና፦
«አንተ የምትቆጥረው ጎማ ያለውን መኪና፤
እኔ የምጠግነው መርፌ ያለውን ነው።
ልብስ ይሰፋል እንጂ፣ በእግሩ አይመጣም እኮ!
ሃያ ኪሎ ብረት አዝላ ደንበኛዬ ዳገት ትውጣ?
ስድስት ዶላር በሰዓት! ከየት ታምጣ?»

ግራፉን አሳየኋት። ዓይኗ አላረፈበትም።
ዋጋው ግን ጨመረ፤ ግራፍ አያፍርም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ በበሯ ሳልፍ፣
ደጃፏ ላይ ባዶ! አንዲት ሴት ሰተት ብላ ገባችና
መኪናዋን ከመኪናዋ አወረደች።
ሎሬታ አላመሰገነችኝም። ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ፦
«እዚህ የአንሰልሞ ሰማያዊ ፒክአፕ ይቆም ነበር።
የሚጠገን ነገር የለውም፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ
ወሬ ብቻ ነበር የሚያመጣልኝ፣ ሁልጊዜ ከሰዓት።
አንተ ባዶ ያልከው እሱን ነው።»

መዝገቤ ላይ ባዶ ባዶ ነው፤ ስም የለውም።
ማታ ግን ቁጥር ሳገላብጥ እንቅልፍ አልወሰደኝም።
ጧት ጧት ያ መንገድ ጭር ይላል፣ ዓይኔ እንደነገረኝ፤
አንድ ዶላር ከሩብ ይብቃው አልኩ፣ ማንም ሳያስገድደኝ
(ደንቡ ይፈቅዳል፤ ቸርነት እንዳይመስላችሁ)።

አሁን አንሰልሞ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል።
ሱቁ የሚከፈተው አራት ላይ ነው።
ሞተሩን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል።

ትናንት ሳልፍ፣ ገና ሦስት ተኩል ሳይሞላ፣
የብረት መዝጊያው እስከ ግማሽ ተነስቷል፤
ከሥሩ ሁለት ጫማ፣ አንድ የማሽን ዘይት ቆርቆሮ፣
የሎሬታም ድምፅ፦
«ጎንበስ ብለህ ግባ እንጂ! ቆጣሪው እየቆጠረ ነው።»