ለስላሳ ጎማ

ጣርማበር ላይ ስንደርስ አስፋልቱ ከዳኝ፤
ለራሱ ዋሻውን መርጦ፣ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣
እኔን ለመንዝ ኮረኮንች አሳልፎ ሰጠኝ።
ደህና ዋል እንኳ አላለኝ።

ሞተሬ የአስፋልት ልጅ ናት፣ ሜዳ የለመደች፣
ሆዷን ለመሬት አስጠግታ መሮጥ የወደደች፤
ጎማዋ ድድ ብቻ ነው፣ ጥርስ አላበቀለች።
ደብረ ብርሃን የሸጠልኝ፣ ደላላው ጌጡ፣
«ይቺ ለከተማ ናት» ብሎኛል በግልጡ።
«እኔስ ከከተማ መች ልወጣ?» አልኩት፤
ዋጋው አጓጉቶኝ፣ ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።
ዛሬ ያ ውሸት ከሥሬ ይንኳኳል፤
በየጠጠሩ ላይ «መች ልወጣ?» ይለኛል።

የያዝኩት ዕቃ ትንሽ ነው፣ የደረት ኪስ የማይሞላ፤
በጥጥ ጠቅልዬ፣ በካልሲ ደግሜ፣ እንደ ዕንቁላል ሰግቼለት፤
መነጽር ነው፣
ሞላሌ ላይ ልብስ ለሚሰፋው ለጋሽ ሸዋቀና።
አራት ወሩ ክርና መርፌ ከተጣሉበት፤
የሰው ሱሪ፣ የሰው ኮት ግድግዳው ላይ እንደ ዕዳ ተሰቅሎበት።
«ልጄ፣ መስታወቱ እንዳይሰበር» አለኝ በስልክ፣
«አንተስ ብትሰበር ወጌሻ አለ።»
ሳቀ። መስመሩ ተቋረጠ።

ጠጠር ሁሉ አንድ አይደለም።
አለ ዝናብ አጥቦት ጥርሱን ያወጣ፤
አለ መኪና ደልቆት ጎድኑ የሚቆጠር፣
መንጋጋ የሚያንገጫግጭ፣ ብሎን የሚያስጨንቅ፤
አለ ደግሞ ግሬደር ትናንት የገፋው፣
ገና ቦታውን ያልያዘ፣ ማንንም የማያምን።

እና እኔ ምን አደረግሁ?
መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ጨበጥኩት፤
ጣቶቼ እስኪደነዝዙ አንቄ ያዝኩት።
እሷ ወደ ግራ ስትል እኔ ወደ ቀኝ፣
ላቀናት ስታገል እያጣመመችኝ፣
ስንጨቃጨቅ መዘዞ ደረስን።
ኩርባው ላይ ጠጠሩ እንደ ባቄላ ተዘርግፏል።
አየሁት።
ፍሬን ያዝኩ፤
የፊቱን።

መሬት ላይ ጸጥታው ለጉድ ነው።
ጎማው ባየር ላይ ይዞራል፣ የሚሄድበት ያለ ይመስል፤
ስፖኪዮው ተሰንጥቆ ሰማዩን ሁለት አድርጎታል፤
ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አፉን ከፍቷል።
እጄ ግን አጥንቴን ትቶ ቀድሞ ኪሴን ዳብሷል።

በግ የጫነ አይሱዙ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።
ሾፌሩ አልወረደም፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ
ሞተሬን አየ፣ ጎማዋን አየ፣
«አይ ድፍረት!» አለ። ቀጥሎ እጄን አየ።
«መሪ እኮ የሌባ እጅ አይደለም እንዲህ የምታንቀው፤
የዘመድ እጅ ነው፣ ለቀቅ አርገህ ያዘው።
ቆመህ ንዳ። የኋላ ፍሬን። ጠጠሩን ለሷ ተውላት፣
አንተ መንገዱን እይላት።»
አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

ቆሜ ነዳሁ።
ተወዛወዘች፣ ተውኳት።
ተንሸራተተች፣ ተውኳት፤ ሐሳቧን ቀይራ ተመለሰች።
ዓይኔ ከጎማው ሥር ተነሥቶ ሩቅ ወጣ፤
የድንጋይ ካብ መጣ፣ የገብስ ማሳ መጣ፣
በጓሳ የተከደነ ቤት፣ ፀሐይ የሚሞቅ በቅሎ መጣ።
መንገድ ለካ ከሩቅ ሲያዩት ነው መንገድ የሚሆን፤
ከቅርብማ ድንጋይ ብቻ ነው።

ጋሽ ሸዋቀና የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሩ ላይ ቆሟል።
ካልሲውን ፈታሁ፣ ጥጡን ገለጥኩ፤ ጭረት የለው።
አጠለቀው።
ገበያውን ያያል ብዬ ስጠብቅ፣ ፊቴን ያያል ስል፣
የጉልበቴን ቀዳዳ አየ።
«ማነው እንዲህ የቀደደህ?»
«መዘዞ።»
«አውልቅ።»

ጋቢውን ተከናንቤ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጥኩ።
ክሩን በከንፈሩ አሾለ፣
መርፌውን ወደ ብርሃን አነሣ።
እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ አልታገለውም፣
ጠበቀው፣
ገባ።
ጥቁር ክር አልቆበት ስለነበር
በአረንጓዴ ጠቀመልኝ።