ዋጋ ስትጠሪ

እሑድ ነበር፤ ቫልፓራይሶ፣ ዳገቱ ላይ፣ ደረጃው ዳር፤
ከታች ክሬኖቹ ኮንቴነር ያወርዳሉ፣ ሽቅብ ይነፍሳል ከባሕር።
የሰፈሩን ድመት፣ የአባቴን ጀልባ፣ ከእንጨት ፈልፍዬ
ያተምኳቸውን ሥዕሎች ገመድ ላይ አንጠልጥዬ
ቆሜያለሁ።
"ስንት ነው?" አለኝ አንድ ሰው። ምላሴ ታሰረ።
"አራት ሺ ፔሶ... ሦስትም ይሆናል።" ሳይከራከር ከፍሎ ዞረ።

ጎረቤቴ ሪጎቤርቶ ነው። እሱም የሚሸጠው ያንኑ፦
ጀልባ፣ ድመት፣ ቁልቁለት። አርባ ዓመት ቀለም ጠጥተው
ጣቶቹ ሳሙና የማያስለቅቃቸው ሆኑ።
"ያስና" አለኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣
"እኔን ነው ያረከስሽኝ። ሰውየው ከኔ ዘንድ ነበር የመጣው፣ ዋጋ ሰምቶ።
ለድመትሽ ሦስት ሺ ካልሽ፣ ለድመቴ ማን ዐሥር ይሰጣል?
አንቺ ዝቅ ባልሽ ቁጥር፣ ደረጃው ሁሉ ይሰምጣል።"

አፍሬ ዕቃዬን ልሸክፍ ጎንበስ ስል፣
"ተቀመጪ" አለ፣ "ለኔ ሽጪልኝ። ገዢ ነኝ እንበል።
ዋጋ ስትጠሪ እግርሽን አትይ። ከጠራሽ በኋላ ዝም በይ።
ዝምታው የገዢው ነው፤ እሱ ይሸከመው፤ አንቺ ባሕሩን እይ።"
ሰባት ጊዜ "ዐሥራ ሁለት ሺ" አልኩት። ሰባት ጊዜ ተከራከረኝ።
በስምንተኛው እጁን ኪሱ ከተተ፤
ሥጋ የተሞላ ኢምፓናዳ ነበር፣ ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ።

ማክሰኞ ማታ ይዞኝ ሄደ። ከጎሚስታው ቤት ጀርባ፣
ዝናብ በሚያስገባ ቆርቆሮ ሥር ወይፈን የሚያህል ማተሚያ ቆሟል፤
ለመግዛቱ አምስት ሰው፣ ለመሸከሙ አርባ።

መላእክት አይደሉም። ኦስማንና ፍሎር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት፤
ፔሊካን መሳል የማን ሐሳብ ነበር ነው ጠባቸው፣ አንድ ወፍ ያመጣው መዓት።
ግን የማተሚያው መሪ ብቻውን ለሚጎትተው አይዞርም፤
እሷ ከግራ፣ እሱ ከቀኝ ይይዙታል፤ ይስባሉ። አይተያዩም።
ኤርሚንዳ ደብተር ያዥ ናት። ማን ወረቀት ወሰደ፣ ማን መለሰ፣
ሥዕል በዱቤ ተረክቦ የትኛው ሆቴል አስለቀሰ፣
ሁሉ እዚያ አለ፤ ከፋዩ በሰማያዊ፣ ካጁ በቀይ።
ከቀዮቹ ለሁለቱ ሥዕል ልልክ ነበር፣ ያን ገጽ ባላይ።

ሐምሌ ላይ ትእዛዝ መጣ፤
መቶ ሃያ ሥዕል፣ ለአንድ ወይን ጠማቂ፣ በዘጠኝ ቀን።
በሦስተኛው ቀን የእጄ አንጓ አበጠ፤
ማንኪያ ሳነሣ እንኳ እንባዬ ይቀድመኛል።
"ቀብዱን ልመልስ" አልኩ።
ኤርሚንዳ አልመለሰችልኝም። ጠመኔ አንሥታ
ግድግዳው ላይ ስም ጻፈች፤
ማን ማታ፣ ማን እኩለ ሌሊት፣ ማን ንጋት።

ስድስት ሌሊት። ሪጎቤርቶ ቀለሙን እየዳመጠ በቁሙ ፈዘዘ፤
ኦስማን ወረቀት አራሰ፣ ጣቱ በብርዱ ደነዘዘ።
ፍሎር የታተመውን አላቃ ወደ አምፖሉ አነሣች፤
"ይሄ ገርጥቷል፣ ይደገም" አለች። ለኦስማን ነው ያለች።
"እውነትሽን ነው" አለ፤ ደገመው።
እኔ ጥግ ላይ፣ እጄ በፎጣ ታስሮ፣ ከመቁጠር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

በመቶ ሃያው ግርጌ የተጻፈው የኔ ስም ነው፣ የኔ ብቻ፤
በግራ እጅ፣ ጠማማ ሆኖ።
እርሳሱን የቀረጸልኝ ኦስማን ነው።

ገንዘቡ የተከፈለ ዕለት ዕዳዬን ልቆጥር ደብተሩን ገለጥኩ፤
ስድስቱን ሌሊት፣ የእያንዳንዱን ሰዓት፣ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ።
የለም። የግድግዳው ጠመኔም ታጥቧል።
ከሐምሌ ገጽ ግርጌ ብቻ፣ በኤርሚንዳ ድርቅ ያለ ጽሑፍ፣ በቀይ፦
"ያስና። ሁለት ጣሳ ጥቁር ቀለም። አልመለሰችም።"