የበሩ መቃን

ጆርጅታውን ተኝታለች ከባሕሩ ዝቅ ብላ፣
የውሃ በሯ ይዘጋል ማዕበሉ ሲሞላ፤
ሲጎድል ይከፈታል፣ የሰፈር ጎርፍ ይወጣል፤
ሕጉ ይህ ነው። ሕግም ግን ቅባት ካጣ ይዝጋል።

በር ጠባቂው ሃርድዮ ለማዘጋጃ ቤት ጽፎ
«ግራሶ ላኩልኝ» ቢል፣ መልሱ መጣ ዓመት አልፎ፦
«ጥያቄዎ ደርሶናል።»
(እነሱ ዘንድ የማይደርስ፣ ከውሃው በቀር ምን ይገኛል?)

እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ሱቄ ቦዩን ተሻግሮ ነው፣
የአናጢውን የኡልሪክን በር ፊት ለፊት የሚያየው።
በዚያ በር መቃን ላይ አለ በቢላ የተጫረ መስመር፦
ኦዴሳ በሦስት ዓመቷ፣ ኦዴሳ ትምህርት ስትጀምር፣
ሌሮን በጣቱ ቆሞ ሲያጭበረብር፣ ሲንጠራራ፤
ልጆቹ አድገው ሄዱ፤ መስመሩ ቀረ ከእሱ ጋራ።

ኋላ ሌላ ልጅ መጣ፣ ስም ያልወጣለት፣
በዝናቡ ወር ሰተት ብሎ የሚገባ ቤት፤
ኡልሪክም እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ
ለካው እንደ ልጆቹ፣ አጎንብሶ፣ ወርዶ፦
መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፤
በዓመቱ ጉልበት፤
ባለፈው ገና ሌሊት
ኦዴሳን በሦስት ዓመቷ፣ ከነሹሩባዋ፣ ዋጣት።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ ይባላል፤
የእኛው ማን አሳስቆት? አኩርፎ ይገባል፣ አኩርፎ ይውላል።

ድሮፓቲ ማመልከቻውን በብስኩት ጣሳ ታኖራለች፣
አሥራ ሰባቱን ደብዳቤ በቃሏ ትወጣለች፦
ከተማው «ቦዩ የክልሉ ነው» ይላል፤
ክልሉ «ቱቦው የከተማው ነው» ይላል፤
ቱቦና ቦይ የሚጋጠሙባት ያቺ አንድ ክንድ መሬት
ካርታ ላይ የለችም።
ፍሪጅ የተሰነቀረው እዚያች ላይ ነው፣ በእውነት።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ምስማር ሲነቀል ሰማሁ፤
ኡልሪክ መቃኑን አንግቶ፣ በሚኒባስ የሁለት ሰው ከፍሎ
ማዘጋጃ ቤት ሲገባ፣ ሱቄን ዘግቼ ተከተልሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ጸሐፊዋ።
«ማመልከቻ።»
«ቅጹስ? ማኅተሙስ?»
አቆመው ከጠረጴዛዋ ዳር፤ ጭቃው ረገፈ ምንጣፉ ድረስ።
«እዚህ ጋ ልጄ ናት፤ እዚህ ጋ ውሃው ነው።
የእኔን ልጆች አውቃለሁ። ይሄኛው፣ እመቤቴ፣
ይሄኛው የማን ነው?
ቁመቱን እኔ ለክቻለሁ፤
አባቱን እናንተ ንገሩኝ።»

ተነሥታ ተጠጋችው፣ ሳታስበው ይመስለኛል፣
መስመሩ ወገቧ ላይ ዋለ።
ከዚያ የመዝገብ ቁጥር ሰጠችው።

ዓርብ ዕለት አንድ ሰው መጣ፣ ቦቲው ያልቆሸሸ፣
ፎቶ አነሣ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሳይመሽ ሸሸ።
ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ፤
እሑድ እኛው ወረድን፣ አካፋና ገመድ ይዘን፣ እስከ ጭን ውጥ።

ፍሪጁ ወጣ። ፍራሽ ወጣ። የልጅ ብስክሌት፣ ያለ ጎማ።
ከሁሉ በታች የሱቄ ስም ያለበት ፌስታል፣
መቶ ነው? ሁለት መቶ? የቆጠረ የለም፤
ማንም ምንም አላለኝ።
ዝምታቸው ካነሣሁት ጭቃ ሁሉ ከበደኝ።

ጥፋቴን አልክድም። ዛሬ በወረቀት ጠቅልዬ ነው የምሸጠው።
ግን የእኔ ፌስታል አይደለም ሰንሰለቱን ያዛገው፤
በየዓመቱ ግብር ስከፍል የቆሻሻዬን ንስሐ አልነበረም፣
የከፈልኩት ለበሩ ነው።

ግራሶውን ከኪሳችን አዋጥተን ገዛንለት ለሃርድዮ፤
ደረሰኙን ድሮፓቲ ከጣሳዋ ከተተች፣
«ዕዳ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም» አለች።
በዚያው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ባሕሩ ሸሸት ሲል
በሩ እየጮኸ ተነሣ።
ውሃው ክልል ሳይጠይቅ፣ ከተማ ሳይጠይቅ
ወጣ።

መቃኑ ግን እዚያው ነው፣ ከማዘጋጃው ግድግዳ ተደግፎ፤
ጸሐፊዋ፣ ተላላኪው እንደነገረን፣ ጃንጥላዋን ትሰቅልበታለች።
ሰማዩ ሲጠቁር፣ ጃንጥላውን ስታወርድ፣
አንዴ መስመሩን፣ አንዴ መስኮቱን ታያለች።

አዲስ መቃን ላቁምልህ ብለው እንቢ አለ ኡልሪክ።
እንጨት አጥቶ አይደለም፣ ጉልበትም አልከዳው።
በሩ ሳይዘጋ ያድራል፤
«ይቆይ» ይላል፣
«የልጁ አባት እስኪመጣ።»